ሌባ ሳይመጣ በፊት
ቤተ ሰብ ስለ ቤቱ ጥበቃ ምን ሊመክር ይገባዋል?

በአማርኛ ቋንቋችን ቤት ገብቶ ለሚሰርቅ ሰው የተሰጠው ስም «ሰርሳሪ» ነው። ስሙን ልብ ብሎ ለሚመለከተው አንድ ታሪክ ይነግረዋል። ሰርሳሪ ማለት የሚሰረስር፣ ግድግዳ የሚበሳ ማለት ነውና። የቀድሞ ቤቶቻችን ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ስለ ነበሩ ሌባው ከበሩ ጋር መታገል አያስፈልገውም ነበር። ሌሊት ከቤቱ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ በሾለ ብረት ጭቃውን እየፈረፈረ፣ ማገሩን እየቈረጠ፣ ትከሻው የሚያልፍበትን ያህል ቀዳዳ ከከፈተ በኋላ ይገባ ነበር። ባለቤቱ ጠዋት ሲነሣ መዝጊያው እንደ ተቀረቀረ ነው፤ ሣጥኑ ግን የለም።

ዛሬም በአዲስ አበባ የጭቃ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ጣሪያቸውም ቆርቆሮ ነው፤ ምስማሩ ሲነቀል እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ ቆርቆሮ። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ስለ ቤቱ ጥበቃ ባሰበ ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም ከላሜራ የተሠራ ትልቅ የብረት በር ነው። በሩ ቀለም ይቀባል፤ አንበሳ ወይም አበባ ይበየድበታል፤ ጎረቤትም ያደንቀዋል። ከበሩ አጠገብ ግን ከሽቦና ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ አጥር፣ ከአጥሩም አጠገብ ለመሰላል የሚያገለግል ዛፍ ቆሟል።

ይህን የምናነሣው በማንም ለመሣቅ አይደለም። ቤትን መጠበቅ ዕቃ ከመግዛት በፊት ምክርን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው። አባወራው፣ እመቤቲቱ፣ ልጆቹ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛም ካለ እርሱ፣ አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ተቀምጠው ሌባ ቢመጣ በየት በኩል ይመጣል፣ ማንስ ምን ያደርጋል ብለው ሊነጋገሩ ይገባል። ብዙ ቤተ ሰብ ስለ ሠርግና ስለ ክርስትና ድግስ ለወራት ይመክራል፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን የሚነጋገረው ከተሰረቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

ቁልፍ ያዘገያል እንጂ አያስቀርም

በለንደን ከተማ ብራማ የተባለው የቁልፍ ሠሪ ቤት፣ ማንም ሰው ያለ መክፈቻው ሊከፍተው አይችልም ያለውን አንድ ቁልፍ በሱቁ መስኮት አስቀምጦ፣ ለሚከፍተው 200 ጊኒ እሸልማለሁ እያለ ለብዙ ዓመታት ሲኰራ ኖሮ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. ታላቁ ኤግዚቢሽን በዚያው ከተማ በተከፈተ ጊዜ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጣና ከፈተው። ከተማውም ጉድ አለ። ነገር ግን ለእኛ የሚጠቅመን ሌላው የታሪኩ ክፍል ነው። ሆብስ ቁልፉን ለመክፈት 16 ቀን ፈጅቶበታል፤ የሠራበት ሰዓት ሲደመር 51 ያህል ነው። መሣሪያውን ዘርግቶ፣ ብርሃን አብርቶ፣ ማንም ሳይከለክለው ነው የሠራው።

ሰርሳሪ 51 ሰዓት የለውም። አምስት ደቂቃም ብዙ ነው። ስለዚህ የቁልፍ፣ የመቀርቀሪያና የፍርግርግ ብረት ሥራ ሌባውን ፈጽሞ ማስቀረት ሳይሆን፣ ድምፅ እንዲያሰማና እንዲዘገይ፣ በዚህም ምክንያት እንዲፈራ ማድረግ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ገንዘቡን በአንድ በር ላይ አይጨርስም፤ እያንዳንዱ መግቢያ ሌባውን እኩል እንዲያዘገየው ያደርጋል እንጂ። የጓዳ መስኮቱ በእጅ ተገፍቶ የሚከፈት ከሆነ የፊት በሩ የባንክ በር ቢሆን ምን ይረባል?

በተለይ በኪራይ ቤት ለሚኖሩ ተማሪዎችና አዲስ ተቀጣሪዎች ስለ ጓጉንቸር ጥቂት እንበል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ወጣት ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ በሩን በጓጉንቸር ይቈልፋል። ጓጉንቸሩ በውጭ ተንጠልጥሎ መታየቱ «ባለቤቱ የለም፤ እስከ ማታም አይመጣም» ብሎ ማስታወቂያ እንደ መለጠፍ ነው። በበሩ ውስጥ የተቀበረ ባለ ሲሊንደር ቁልፍ ግን ሰው ይኑር አይኑር አይናገርም። ይህ ዓይነቱ ቁልፍ ሊነስ ዬል የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ነው፤ ሐሳቡ ግን የጥንት ግብፃውያን በእንጨት ቁልፋቸው ላይ የተጠቀሙበት ነው። አዲስ ቤት የገባ ተከራይ አከራዩን አስፈቅዶ ሲሊንደሩን ቢለውጥ ወጪው ብዙ አይደለም። ከእርሱ በፊት በዚያ ቤት ስንት ሰው እንደ ኖረና የመክፈቻው ግልባጭ በስንት ሰው ኪስ እንዳለ ማን ያውቃል?

ጓጉንቸር የግድ ከሆነም ደግሞ ጓጉንቸሩ የሚገባበትን ብረት ይመልከቱ። በብዙ ቤት ብረቱ የተያዘው በአራት ትንንሽ ብሎኖች ነው፤ ብሎኖቹም በውጭ በኩል ናቸው። ሌባው ቁልፉን ሳይነካ ብሎኖቹን ፈትቶ በሩን ይከፍታል፤ ሲወጣም መልሶ ሊያስራቸው ይችላል። ብሎኑ በሩን በስቶ አልፎ በውስጥ በኩል በዳዶ ቢጠብቅ ግን ይህ አይሆንም። ለብረት ሠራተኛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

አጥር፣ ውሻና ዘበኛ

የሐረር ሰዎች ይህን ጉዳይ ለከተማቸው ሁሉ በአንድነት አስበውበት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ በሮቹም ማታ ይዘጉ ነበር። እኛ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጀጎል ለመገንባት እንሞክራለን። ግንቡ በረዘመ ቊጥር ይበልጥ የተጠበቅን ይመስለናል። እውነቱ ግን ሁለት ፊት አለው። ረጅምና ድፍን የሆነ አጥር ሌባው እስኪዘለው ድረስ ይከለክለዋል፤ ከዘለለ በኋላ ግን ይሸሽገዋል። መንገደኛም ጎረቤትም ሊያየው ስለማይችል በጓሮ ተዝናንቶ ይሠራል። ስለዚህ ግንብ ያለው ሰው የጓሮ መብራቱን አይርሳ። ሰው ሲጠጋው በራሱ የሚበራ መብራት ዛሬ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ይገኛል፤ ሲነጋ ድረስ ከሚበራው ይልቅ ድንገት ቦግ የሚለው ሌባን ያስደነግጣል።

በግንብ ላይ የሚተከል የጠርሙስ ስባሪና እሾሃም ሽቦ ከምንም ይሻላል ከማለት በቀር ብዙ የምንለው የለም። አንዳንድ ሰው ግን ከቤቱ መብራት ላይ ሽቦ ስቦ አጥሩን በኤሌክትሪክ ያጥራል ሲባል እንሰማለን። ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ሽቦው ሌባንና ኳሱን ሊያመጣ አጥር ላይ የወጣውን የጎረቤት ልጅ አይለይም።

ውሻ ጥሩ ዘበኛ ነው፤ ጥቅሙ ግን በጥርሱ ሳይሆን በጩኸቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ለወጪ ወራጁ ሁሉ ስለሚጮኽ ጩኸቱን የሚሰማው የለም፤ ቤተ ሰቡም «ዝም በል!» እያለ ተመልሶ ይተኛል። መርዝ የተቀባ ሥጋ ወርውሮ ውሻን መግደል የቈየ የሌቦች ዘዴ ስለ ሆነ፣ ውሻው ከቤተ ሰቡ እጅና ከሳህኑ በቀር እንዳይበላ ከቡችላነቱ ጀምሮ ማስለመድ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ ማስከተብ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ዘበኛን በተመለከተ፣ ለብቻው ዘበኛ ለመቅጠር የሚችል ዝቅተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። በብዙ ሰፈሮች እንደሚደረገው ግን አሥርና ሃያ አባወራ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ወይም ሁለት የሌሊት ጠባቂ ይቀጥራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። ዘበኛው ሽማግሌ ነው፤ ካቦርቱ አልቋል፤ ባትሪው ድንጋይ የለውም፤ ስልኩ ካርድ የለውም፤ እራቱን የበላው በ12 ሰዓት ነው። ሌሊት በ9 ሰዓት ቢተኛ ማን ይፈርድበታል? ለዘበኛ የሚከፈለውን ደመወዝ ያህል፣ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድርበት ነገር ማለትም ትኩስ ሻይ፣ ዝናብ የማይገባበት ቤት፣ ፊሽካና የሚሠራ ስልክ ያስፈልገዋል። ሌባ ሲያይ ማንን በቅድሚያ እንደሚጠራም በግልጽ ሊነገረው ይገባል። «አንተ ዘበኛ ነህ፤ ያዘው» ብሎ አንድን ሰው በዱላ ብቻ ከሦስት ሌቦች ጋር እንዲታገል መተው ግን ጭካኔ ነው።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ደረጃው የጋራ ነው፤ ወጪ ወራጁ ብዙ ነው፤ ሌባም እንግዳ መስሎ ይወጣል። በአዋጅ ቊጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ስለ ጥበቃ የሚነጋገር ከሆነ በዚያ ስብሰባ መገኘት ለሁለተኛ የብረት በር ገንዘብ ከማውጣት ይበልጣል። ተከራይ ቢሆኑም እንኳ ሐሳብዎን ለባለቤቱ ይንገሩ።

በሩን በፈቃዳችን ስንከፍት

ግድግዳ ከሚበሳው ሌባ ይልቅ ደጅ አንኳኩቶ በትሕትና የሚገባው ይበዛል ቢባል ብዙ አንባቢ የሚስማማ ይመስለናል። አንዱ «ከመብራት ኃይል ነኝ፤ ቆጣሪ ላይ» ይላል። ሌላው «ውኃው ፈሶ ታች ቤት ገብቷል» ይላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን «ጋሼ ልከውኝ ነው» የሚለው ነው። ይህ ሰው የአባወራውን ስም፣ የሚሠሩበትን መሥሪያ ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም የልጆቹን ስም አጥንቶ ይመጣል። «ቴሌቪዥኑ ይሠራልና አምጣው ብለውኛል፤ መኪና ደጅ ቆሟል» ይላል። ከገጠር ከመጣች ገና ሁለት ወር የሆናት ልጅ ይህን ሰው እንዴት ትመልሰው? እምቢ ብትል ጋሼ ሊቈጧት ነው፤ እሺ ብትል ደግሞ ሌባ ተባብራለች ልትባል ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። «እኔ ወይም እትዬ በስልክ ራሳችን ካልነገርንሽ በቀር፣ የላከው ንጉሥ ቢሆን እንኳ፣ ከዚህ ቤት አንድ ማንኪያ እንዳይወጣ፤ በሩን ሳትከፍቺ አነጋግሪው፤ ቢቈጣሽም እኛ አንቈጣሽም» ብሎ ከሁሉ አስቀድሞ መንገር ነው። የመጨረሻዋ ሐረግ ከሁሉ ትበልጣለች። ሠራተኛዪቱ በሩን የምትከፍተው ሌባውን ስላመነችው ሳይሆን ጌቶቿን ስለ ፈራች ነውና።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በቤት ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚፈተሸው የሠራተኛዪቱ ሻንጣ ነው። በእርግጥ ከሌባ ጋር የተመሳጠሩ ሠራተኞች ታይተዋል፤ ተያዥና መታወቂያ መጠየቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በተጠርጣሪነት የምትኖር ሠራተኛ ለቤቱ ምን ያህል ትቈረቈራለች? ደመወዟን በቀኑ የምታገኝ፣ ስትታመም የምትታከም፣ በስሟ የምትጠራ ልጅ ከማንኛውም ውሻ የበለጠች ጠባቂ ናት። ገንዘብና ወርቅ በፊቷ እየቈጠሩ በሣጥን ማስቀመጥ ደግሞ ለእርሷም ፈተና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ እንዲኖር ለምን ይደረጋል?

ቤት ባዶ የሚሆንባቸውን ቀናትም ሌባ ከእኛ ይልቅ ያውቃቸዋል። የፋሲካ ሌሊት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሠርግ ሲሆን ድንኳኑ ለሰፈሩ ሁሉ ይታያል። ልቅሶ ሲሆን የዕድሩ ጥሩምባ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለወዳጅም ለሌባም እኩል ይለፍፋል። ይህን የሚያውቁ ዕድሮች በቀብር ጊዜ የሐዘንተኛውን ቤት የሚጠብቅ ሰው ይመድባሉ። ለራሳችን ቤት ግን እንዲህ ያለ ተራ አናወጣም። «ማን ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ ነጠላ ተለብሶ ደጅ ላይ ሲደረስ ሳይሆን ከዋዜማው መልስ ማግኘት አለበት።

ሌሊት በ8 ሰዓት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሌባው አጥሩን ዘልሎ፣ ውሻውን አልፎ፣ ቤት ውስጥ ገባ እንበል። ሌሊት በ8 ሰዓት ነው። ባልና ሚስት በድምፅ ነቁ። ልጆቹ በሌላ ክፍል ናቸው። ምን ይደረግ?

አብዛኛው ባል ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ ከአልጋው ሥር የሚገኝ ዱላ ነው። ሚስቱ ብትጠይቀው «እኔ አለሁ አይደል!» ይላታል። ንግግሩ ያኰራል፤ ዕቅድ ግን አይደለም። በጨለማ ዱላ ይዞ የሚወጣ ሰው ሌባው አንድ ይሁን አራት፣ ባዶ እጁን ይሁን ጩቤ የያዘ አያውቅም። ሌባው ግን የሚመጣውን ሰው ኮቴ ይሰማል። ከዚህም በላይ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ፤ በጨለማ የታየው ጥላ ሌባ ላይሆን ይችላል። ለፈተና ሲያጠና አምሽቶ በጓሮ በር የገባ ልጅ፣ ወይም ውኃ ሊጠጣ የተነሣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቤተ ሰቡ የመጀመሪያ ደንብ ይህ ቢሆን እንመክራለን፤ አምሽቶ የሚገባ ማንም ሰው አስቀድሞ ይደውላል፤ ሲገባም በስሙ ድምፁን ያሰማል። «እኔ ነኝ እማዬ» የምትለዋ ቃል ሕይወት ልታድን ትችላለች።

ሁለተኛው፣ ሁሉም የሚሰበሰብበት አንድ ክፍል ይኑር። ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ የልጆቹ ክፍል ቢሆን ይመረጣል፤ እናትና አባት ወደ ልጆች መሄድ ይቀላቸዋልና። መዝጊያው በውስጥ በኩል ጠንካራ መወርወሪያ ይኑረው። ስልክ ሁልጊዜ ማታ ማታ በዚያ ክፍል ይሞላ። የአዲስ አበባ ፖሊስ ቊጥር 991፣ የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያና የሁለት ጎረቤቶች ቊጥር በወረቀት ተጽፎ በግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ሰው በደነገጠ ጊዜ የራሱን ስም እንኳ ይረሳል። የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ማን እንደ ሆነም አስቀድሞ ይታወቅ። አድራሻውን በአጭሩ መናገር ይለማመድ። የመንገድ ስም በማይታወቅባቸው ሰፈሮቻችን «ከእገሌ ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ አረንጓዴ በር» ብሎ ሳይንተባተብ መናገር በራሱ ጥናት ይጠይቃል።

ሦስተኛው ጩኸት ነው። የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ኡኡታን ሰምቶ አይተኛም። መብራት አብርቶ፣ በሩን ቀርቅሮ፣ በመስኮት «ሌባ! ሌባ!» ብሎ መጮኽ ከዱላው ይልቅ ሌባን ያባርራል፤ የመጣው ለመስረቅ እንጂ ለመዋጋት አይደለምና። መውጫ መንገዱን አይዝጉበት። ይዞት የሚሄደው ቴሌቪዥን ነው፤ ይሂድ። ለቴሌቪዥን ሲል አባቱን ያጣ ቤተ ሰብ የሚያጽናናው የለም።

ልጆችን ስለዚህ ነገር መንገር ያስፈራቸዋል የሚሉ ወላጆች አሉ። እኛ እንደሚመስለን ግን ሕፃን የሚፈራው ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ሲቀር ነው። እንደ ጨዋታ አድርጎ፣ አንድ ማታ መብራት አጥፍቶ፣ «አሁን ሁላችን ወደ እነ አልማዝ ክፍል!» ብሎ መሞከር ይቻላል። ልጆቹ ይሥቃሉ፤ ይማራሉም። በዚህ ሙከራ ጊዜ ብዙ ነገር ይገለጣል፤ መወርወሪያው እንደ ዛገ፣ ስልኩ ሳሎን እንደ ቀረ፣ አያት ደረጃውን በጨለማ መውረድ እንደማይችሉ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ሌባን የሚያስቀር ብረት ባለቤቱንም ያስቀራል። መስኮቱ ሁሉ በፌሮ ታጥሮ፣ በሩ በሁለት ቁልፍ ተቈልፎ፣ መክፈቻው የት እንዳለ አባት ብቻ የሚያውቅበት ቤት እሳት ቢነሣበት ምን ይሆናል? ቢያንስ አንዱ የመስኮት ፍርግርግ በውስጥ በኩል የሚከፈት ይሁን። መክፈቻው ከመስኮቱ በእጅ ርቀት፣ ነገር ግን በውጭ ያለ ሰው እጁን አስገብቶ ሊያገኘው በማይችልበት ቦታ ይሰቀል፤ ትንሹም ልጅ ይወቀው። የእሳት አደጋ ቊጥር 939 መሆኑንም ከፖሊሱ ቊጥር ሥር ይጻፉ። በክረምት ደግሞ ሌባን በመፍራት መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ከሰል አንድዶ የሚተኛ ሰው አለ። የከሰል ጋዝ አይሸትም፤ የተኛውንም አይቀሰቅስም፤ ሳይሰማው ይገድላል። ከሰሉ ከመተኛት በፊት ከቤት ይውጣ።

ሕግ ምን ይላል?

«ቤቴ የገባን ሌባ ብገድለው ምን አለብኝ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈው፣ ሌባ በሌሊት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት ለመቺው የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ አለበት። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት እንኳ ሕግ፣ ፈርቶ በጨለማ የመታውንና አይቶ ለይቶ የመታውን እኩል አላደረጋቸውም።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይደነግጋል። ራስን ወይም ሌላውን ሰው ሕገ ወጥ ከሆነ፣ በደረሰ ወይም ሊደርስ በተቃረበ ጥቃት ለመከላከል የተደረገ ድርጊት አያስቀጣም፤ ነገር ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከመጠን ያለፈውን አንቀጽ 79 ይመለከተዋል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ያደረገው መሆኑ ከታወቀም ከቅጣት ነፃ ሊያደርገው ይችላል። እንግዲህ ጩቤ መዝዞ ወደ ልጅዎ ክፍል የሚሮጠውና ጫማ ይዞ አጥር የሚዘለው ሌባ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የሸሸን ሌባ ከኋላው መምታት መከላከል አይባልም፤ የተያዘውንና የታሰረውን መደብደብ ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው። ሌባ ተያዘ ሲባል ከየቤቱ ወጥቶ ድንጋይ የሚያነሣውን ሰው ብዛት ለተመለከተ፣ የዚህን አንቀጽ ትርጒም በየዕድሩ ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። እጅ ከፍንጅ የተያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ይሰጥ።

ጠመንጃና ሽጉጥን በሚመለከት በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ልጆች በሚኖሩበት ቤት የጎረሰ መሣሪያ ከትራስ ሥር ማኖር ከሌባው የከፋ አደጋ ነው።

ጎረቤት

በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ኪርክሆልት የተባለ ከሁለት ሺህ በላይ ቤቶች ያሉት ሰፈር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት የቤት ስርቆት እጅግ በዝቶበት ስለ ነበር ሊቃውንትና ፖሊሶች ምክንያቱን አጠኑ። ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው፣ በየቤቱ ሳንቲም እየተከተተባቸው የሚሠሩ የመብራትና የጋዝ ቆጣሪዎች ስለ ነበሩ ሌባው የሚወስደው ጥሬ ገንዘብ በቤቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርማል፤ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት፣ ካልተሰረቁት ይልቅ ዳግመኛ የሚሰረቅ ሆኖ ተገኘ። ሌባው መንገዱን አውቋል፤ ያልወሰደውንም ዕቃ አይቷል፤ የጠፋውም ዕቃ በአዲስ እንደሚተካ ያውቃል።

ስለዚህ ቆጣሪዎቹን ለወጡ። ደግሞም ለሰፈሩ ሁሉ ጥበቃ ከማዘጋጀት ይልቅ በተሰረቀው ቤት ዙሪያ ያሉትን አምስትና ስድስት ጎረቤቶች ብቻ አነጋግረው፣ ያንን ቤት በዓይናቸው እንዲጠብቁ አደረጉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰፈሩ የሚፈጸመው ስርቆት ከቀድሞው ሩብ ገደማ ብቻ ሆነ።

ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባውም ነበር። ቀድሞ በአፈርሳታ ጊዜ ዕቃ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ በሜዳ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪገለጥ ድረስ አይበተንም ነበር። ሥርዓቱ ንጹሑንም ያጉላላ ስለ ነበር ይመለስ አንልም፤ የጎረቤት ስርቆት የሁሉ ጉዳይ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር። ዛሬ በአንድ ደረጃ ላይ ፊት ለፊት የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦች ስም ለስም አይተዋወቁም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ተረት የምንጠቅሰው በንግግር ብቻ ሆኗል። አንድ ቀን ቡና አፍልቶ ጎረቤትን መጥራትና ስልክ መለዋወጥ፣ ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ሲሄዱም «ዓይናችሁን ከቤቴ አታንሡ» ማለት ከካሜራ ይረክሳል። ካሜራ መልካም ነው፤ ሌባው ከሄደ በኋላ ፊቱን ያሳያል። ጎረቤት ግን ሌባው ሳይሄድ ይጮኻል።

ቤትዎ ተሰርቆ እንደ ሆነ ምንም ነገር ሳይነኩና ሳይጠርጉ ፖሊስ ይጥሩ፤ አሻራ የሚገኘው ባልተነካ ዕቃ ላይ ነው። ማልቀሱና ማዘኑ ካለፈ በኋላ በዚያው ቀን፣ በሳምንቱ ሳይሆን በዚያው ቀን፣ ሌባው የገባበትን ቀዳዳ ያስደፍኑ፤ መክፈቻም ጠፍቶ ከሆነ ሲሊንደሩን ይለውጡ። ለፖሊስ ቃልዎን ሲሰጡ «አንድ ጥቁር ስልክ» ማለት አይረዳም፤ ጥቁር ስልክ በከተማው ስንት ሺህ ነው? በስልክዎ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ቢመቱ 15 አሐዝ ያለው ቊጥር ይወጣል። ያንን ቊጥር፣ የቴሌቪዥኑንና የኮምፒዩተሩንም ተራ ቊጥር፣ ከግዢው ደረሰኝ ጋር በአንድ ደብተር ይመዝግቡ። ደብተሩን ግን ከዕቃው ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አያኑሩት፤ ለእኅትዎ ወይም ለሥራ ጓደኛዎ ይስጡት።